ዝናቡን በወደቀበት ማስቀረት
ውሃ ለሰው፣ ለእርሻና ለአካባቢ ያለው ጥቅምና አያያዙ፤ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋማ ቦታዎች
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ውሃ ሕይወት መሆኑን ለዋግ ገበሬ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በየቀበሌው አሉ። የ2007 ዓ.ም. ክረምት ሲዛባ በተከታዩ ዓመት የደረሰውን ችግር፣ እንዲሁም የ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ በመቅረቱ በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ወረዳዎች ሰብልና እንስሳት ያለቁበትን ጊዜ የማያስታውስ የለም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውሃ ይጠቅማል ብሎ መስበክ አይደለም። ዓላማው የሚዘንበውን ዝናብ መጠን ማስላትን፣ ወዴት እንደሚሄድ መከታተልንና በምን ዘዴ ማስቀረት እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

እንደሚታወቀው በአካባቢያችን ዝናቡ የሚወርደው በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዘግይቶ ይገባል፤ ቶሎ ይወጣል። በሁለቱ ወራት ውስጥ ደግሞ በጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች ይወርዳል። በመሆኑም ችግራችን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ዝናቡ ማነሱ ነው። ሁለተኛው የዘነበውም ሳይጠቅመን መሄዱ ነው። የመጀመሪያውን ልናዝዘው አንችልም። ሁለተኛው ግን በእጃችን ነው።

2. የዝናብ ሂሳብ

የልማት ሠራተኛው ይህን ቀላል ሂሳብ በቃሉ ሊይዘው ይገባል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ ነው። 1 ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ወይም 2500 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ በ1 ጥማድ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 2500 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው።

በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኝ ቦታ እንውሰድ። በ1 ጥማድ ላይ የሚወርደው 1,500,000 ሊትር ወይም 1500 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 75,000 ጊዜ ይሞላል። ለንጽጽር ያህል፣ በገጠር ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ውሃ ይድረስ የሚለውን የሀገሪቱን የመጠጥ ውሃ ዕቅድ መለኪያ ብንወስድ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በቀን 125 ሊትር፣ በዓመት ደግሞ ወደ 46 ሜትር ኩብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአንዲት ጥማድ ላይ በአንድ ዓመት የሚወርደው ዝናብ ለዚህ ቤተሰብ ከ30 ዓመት በላይ መጠጥ ይሆን ነበር ማለት ነው።

ይህ ስሌት ለገበሬዎች ሲነገር ብዙዎቹ ይስቃሉ። «ታዲያ ሚስቴ ለአንድ ጀሪካን ለምን ተራራ ትወርዳለች?» ብሎ የጠየቀኝ ገበሬ አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ ቀሪው ክፍል የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

3. ውሃው ወዴት ይሄዳል?

በማሳ ላይ የወረደ ዝናብ አራት መንገድ አለው፦

ሀ) ጎርፍ ሆኖ ከማሳው ይወጣል፤ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል።
ለ) ከአፈሩ ገጽ በፀሐይና በነፋስ ይተናል።
ሐ) ከሥር በታች ሰርጎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ይህ ለገበሬው ማሳ ቢጠፋም ለምንጭ ይተርፋል።
መ) በተክሉ ሥር ገብቶ በቅጠሉ ይወጣል። እህል የሚሆነው ይኸኛው ብቻ ነው። አረም ከበዛ ግን ከዚህም ላይ አረሙ ይሻማል።

ማሽላ ከዘር እስከ መከር እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ሙቀት ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎች በትንሹ ይበቃቸዋል። እንግዲህ 600 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ዓመት ግማሹ በጎርፍና በትነት ቢሄድ ለማሽላው የሚቀረው 300 ሚሊ ሜትር ነው። ሰብሉ በነሐሴ አረንጓዴ ሆኖ ያምራል። በመስከረም ዘለላ አውጥቶ ፍሬ ሊሞላ ሲል ይደርቃል። ገበሬውም «ድርቅ መታን» ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ያ ድርቅ ከሰማይ ብቻ የመጣ አይደለም። ግማሹ የመጣው ከተዳፋቱና ከተራቆተው አፈር ነው።

4. የመጀመሪያው ኩሬ አፈሩ ነው

ስለ ውሃ ማጠራቀም ሲነሳ ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮአችን የሚመጣው ጉድጓድ፣ ፕላስቲክና ሲሚንቶ ነው። ከሁሉ የሚበልጠውና ዋጋ የማይጠየቅበት ማጠራቀሚያ ግን ማሳው ራሱ ነው። በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ከሚወርደው ውስጥ 40 ሚሊ ሜትሩን በማሳው ላይ አግደን ብናስቀር በ1 ጥማድ 100 ሜትር ኩብ ውሃ አጠራቀምን ማለት ነው። ይህም በክፍል 5 ከምናሰላው የቤተሰብ ኩሬ ይበልጣል። ለዚህ የሚረዱት ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

4.1 አስተራረስ። በማረሻ ስናርስ አንዱን እርሻ በሌላው ላይ እያሻገርን ስለምናርስ፣ ከሁለት አንዱ ትልም ቁልቁል ይሆናል። ቁልቁል የወረደ ትልም ለጎርፍ የተቀደደ ቦይ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የመጨረሻው እርሻ፣ ማለትም የዘሩ እርሻ፣ ተዳፋቱን አቋርጦ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል።

4.2 የታሰረ ትልም። በመስመር በተዘራ ማሽላ ወይም በሽልሻሎ ጊዜ ትልሙን ጥልቅ አድርጎ ካወጡ በኋላ፣ በትልሙ ውስጥ በየርቀቱ አፈር በመከመር ማሰር ነው። ውሃው በየእስሩ መካከል ቆሞ ቀስ እያለ ይሰርጋል። በሥራው ላይ ሦስት ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ ማሰሪያው ከትልሙ ጀርባ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ዝናቡ ከበዛ ትርፉ በትልሙ ውስጥ ተሻግሮ ይሄዳል እንጂ ጀርባውን ሰብሮ ቁልቁል አይወርድም። ሁለተኛ፣ ተዳፋቱ እየጨመረ ሲሄድ ማሰሪያዎቹ መቀራረብ አለባቸው። ሦስተኛ፣ ውሃ በሚተኛበት ዋልካ መሬት ላይ ይህ ዘዴ ሰብሉን ስለሚያቢጥ አይመከርም። ሥራው በእጅ ሲሠራ አድካሚ መሆኑ የታወቀ ነው። በበሬ የሚጎተት ማሰሪያ የሚገኝ ከሆነ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ በጋራ ገዝቶ ለአባላቱ በተራ ቢያውስ ድካሙ ይቀንሳል።

4.3 የአፈር እርከን። እርከን የሚቀየሰው በዓይን ግምት ሳይሆን በውሃ ልክ ነው። ግማሽ ክንድ የተዛነፈ እርከን ውሃውን ወደ አንድ ጥግ ሰብስቦ ይሰበራል፤ ከመሰበሩም በላይ ከታች ላለው ጎረቤት ሸለቆ ይቆፍራል። ከ3 እስከ 8 በመቶ ተዳፋት ላለው መሬት በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር፣ ከ8 እስከ 15 በመቶ ለሆነው ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይሆናል። ለምሳሌ ተዳፋቱ 10 በመቶ ሆኖ የከፍታ ልዩነቱን 1.5 ሜትር ብናደርግ፣ እርከኖቹ በ15 ሜትር ይራራቃሉ። ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። በየ3 እስከ 6 ሜትሩም ይታሰር። ካቡ ከተደቀደቀ በኋላ ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። በካቡ ላይ ሣር ወይም የመኖ ቁጥቋጦ ቢተከል እርከኑን ያጸናል፤ ለፍየሎቹም ቀለብ ይሆናል።

4.4 ፍግና ኮምፖስት። አፈር ውሃን የሚይዘው የበሰበሰ ነገር ሲኖረው ነው። አገዳው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ እንደሚውል እናውቃለን። ስለዚህ «ሁሉንም ለማሳ ተው» ማለት ለገበሬው ባዶ ቃል ነው። ይልቁንም ለቤቱ ከሚቀርበው ግማሽ ጥማድ እንዲጀምር፣ አመድ፣ የቤት ጥራጊና የበረት ፍግ በጉድጓድ እንዲያብላላ መምከር ይሻላል። በፍግ የለማ ማሳ ውሃን ከመያዙም ሌላ የአቀንጭራን ጉዳት ይቀንሳል።

5. የቤተሰብ ኩሬ፤ ከስሕተት የተገኘ ትምህርት

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በክልላችንና በሌሎችም ድርቅ በሚያጠቃቸው ቦታዎች የቤተሰብ ኩሬዎች በዘመቻ ተቆፍረው ነበር። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ብዙዎቹ ግን ውሃ አልያዙም፤ ወይም ለአንድ ወቅት ብቻ ይዘው ቀርተዋል።

ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ከሰቆጣ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ከነዚህ ኩሬዎች አንዱን ለማየት ሄጄ ነበር። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ናቸው። ኩሬው ደርቆ፣ ፕላስቲኩ ተቀዶ፣ በውስጡ ቁልቋል በቅሎበታል። «አባቴ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ቆፍር ብለውኝ ከልጄ ጋር ቆፈርሁ። ጎርፉ በዚያ በኩል እንጂ በዚህ እንደማይመጣ ግን አውቅ ነበር። የጠየቀኝ የለም።» እኔም የራሴን ስሕተት ጨመርሁበት። ቦታውን ቀይረን ሌላ ኩሬ ከሠራን በኋላ፣ ውሃውን እስከ ጥር አቆይተው ቀይ ሽንኩርት እንዲያለሙበት መከርኋቸው። በመስከረም ዝናቡ ቀደም ብሎ ወጣ። ማሽላቸው ከኩሬው ሥር ቆሞ ደረቀ። በጥር ደግሞ ኩሬው ውስጥ የቀረው ውሃ ሽንኩርቱን አላደረሰም። በአንድ ምክር ሁለት ሰብል ጠፋ። ሽማግሌው አልተቆጡኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ሲያዩኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ዘንድሮስ ውሃውን ለማን እንስጠው?» ብለው ነበር።

ያን ጊዜ ተቀምጬ ያልሠራሁት ስሌት ይኸውና። አፉ 8 በ8 ሜትር፣ ወለሉ 4 በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ ወደ 75 ሜትር ኩብ ይይዛል። በበጋ ከኩሬው ገጽ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን፣ በ90 ቀን 45 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። ላይኛው ክፍል ሰፊ ስለሆነም ይህ ወደ 26 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከኩሬው ሲሶ በላይ ነው። በሥርገት የሚጠፋው ከዚህ ውጭ ነው። የቀረው 49 ሜትር ኩብ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ለሚጠጣ አትክልት ለ90 ቀን ቢሰጥ፣ የሚያደርሰው ወደ 100 ካሬ ሜትር ብቻ ነው።

ያው ኩሬ በመስከረም መግቢያ ሙሉ ሳለ ቢከፈትስ? 25 ሜትር ኩቡን ለብክነት እንተወው። በቀረው 50 ሜትር ኩብ ግማሽ ጥማድ ማሽላ 40 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል። ይህ መጠን ዘለላ ባወጣና ፍሬ በሚሞላ ሰብል ላይ ሲደርስ በመከርና በአገዳ መካከል ያለውን ልዩነት ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ምክራችን እንዲህ መሆን አለበት፦

ሀ) የኩሬው የመጀመሪያ ሥራ የክረምቱን ሰብል ማዳን ነው። ዝናቡ ደኅና ሆኖ ሰብሉ ከደረሰ ብቻ ውሃው ለጓሮ አትክልትና ለችግኝ ይዋል።
ለ) ቦታው ከባለቤቱ ጋር፣ ጎርፍ በሚወርድበት ቀን ተገኝቶ ይመረጥ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው የጎርፍን መንገድ አያውቅም።
ሐ) ኩሬው ከሚጠጣው ማሳ በላይ ይሁን። 50 ሜትር ኩብ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2500 ጉዞ ነው፤ ይህን የሚሸከም ቤተሰብ የለም። ኩሬው ከላይ ከሆነ ግን በጎማ ቱቦ በራሱ ይወርዳል።
መ) ከኩሬው በፊት የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ይኑር፤ ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ በኋላ ይጠረግ።
ሠ) ወለሉና ግድግዳው በተደቀደቀ ሸክላ አፈር ወይም በፕላስቲክ ይለበጥ። ፕላስቲኩ በፀሐይና በከብት ኮቴ እንዳይቀደድ ጥበቃ ይደረግ።
ረ) ዙሪያው ይታጠር። ያልታጠረ ኩሬ ሕፃንና ፍየል ይበላል። በዝቅተኛ ቦታዎች ደግሞ የወባ ትንኝ እንዳይራባ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር መመካከር ግዴታ ነው።

6. የመጠጥ ውሃ

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቆም የታሰበ ነው። ስሙ ከከተማችን መውጣቱ ያለምክንያት አይደለም። ሕፃን የሚቀነጭረው ምግብ በማጣት ብቻ ሳይሆን፣ የቆሸሸ ውሃ ጠጥቶ በተቅማጥ የበላውን ስለሚያጣም ነው። እናቱ ውሃ ለመቅዳት ስትመላለስ የምታጠፋው ጊዜም ከሕፃኑ አመጋገብና እንክብካቤ ላይ የሚቀነስ ነው። በመሆኑም የውሃ ጉዳይ የእርሻ ሠራተኛው ጉዳይ አይደለም ማለት አይቻልም።

ምንጭ ሲጎለብት ዓይኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ይሸፈን፤ ከበላዩ ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈር፤ ዙሪያው ይታጠር። መጸዳጃ ቤት ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩም በታች ይሁን። ለከብት መጠጫ ገንዳ ከምንጩ ወረድ ብሎ ለብቻው ይሠራ። ሰውና ከብት ከአንድ ዓይን ሲጠጡ ሰው ይታመማል፤ ከብቱንም አልቅት ይይዘዋል። ከኩሬ የተቀዳ ውሃ ሳይፈላ ወይም በውሃ ማከሚያ ሳይታከም አይጠጣ።

የቆርቆሮ ጣሪያም መዘንጋት የለበትም። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ 600 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበትና አምስተኛው ቢባክን 19,200 ሊትር ይሰጣል። ይህን ሁሉ የሚይዝ ታንከር ለአንድ ቤተሰብ ውድ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ኬላና ለኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ግን የሚያዋጣ ነው።

7. መስኖና የውሃ አባት

በወለህና በሌሎችም ቦታዎች ወንዝ ጠልፎ ማጠጣት የቆየ ነው። በብዙው ቦታ ተራ የሚያወጣ፣ ቦይ የሚያስጠርግና ጠብ የሚያስታርቅ የውሃ አባት አለ። አዲስ ግድብ ወይም የሲሚንቶ ቦይ ሲሠራ ይህን ሥርዓት አፍርሶ በወረቀት ኮሚቴ መተካት አይገባም። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማኅበራቱ በሕግ እንዲቋቋሙ መንገድ ከፍቷል። የውሃ አባቱን ልምድ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ማስገባት ሁለቱንም ያጠነክራል።

ትልቁ የመስኖ በደል ከላይ ያለው አጥለቅልቆ ሲያጠጣ ከታች ያለው መጠማቱ ነው። ብዙ ውሃ ብዙ ምርት አይደለም። የተጥለቀለቀ ሽንኩርት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ማዳበሪያውም ከሥሩ ወርዶ ይጠፋል፤ በደረቅ ምድር ደግሞ ውሃው ተንኖ ጨው በአፈሩ ላይ ይቀራል። ገበሬው ከማጠጣቱ በፊት አፈሩን አንድ ስንዝር ቆፍሮ በእጁ ይጨብጥ። ተጨብጦ የሚረጋ ከሆነ ይቆይ፤ የሚበተን ከሆነ ያጠጣ።

8. ኮረብታው፣ ምንጩና ተከዜ

ምንጭ የሚኖረው ከበላዩ ያለው ኮረብታ ሲጠጣ ነው። ዛፍና ሣር የለበሰ ኮረብታ ጎርፉን አዘግይቶ ወደ ውስጥ ያሰርጋል፤ የተራቆተ ኮረብታ ግን ወዲያው ያወርደዋል። ከልቅ ግጦሽ የተከለለ ቦታ በመጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ በመጨረሻም ንብና ማር ይሰጣል። የምንጩ ውሃ መመለስ ግን ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ለገበሬዎች በቶሎ ይመጣል ብሎ ቃል መግባት አይገባም። እስከዚያው ሣሩን አጭዶ ለአባላት ማካፈልና ቀፎ ማስቀመጥ ኅብረተሰቡ ክልከላውን እንዲወደው ያደርጋል። በአበርገሌና በዝቋላ ቆላዎች የዕጣን ዛፍም እንዲሁ ጥበቃ ይሻል።

ከማሳችን የሸሸው አፈር በፀላሪና በሌሎች ገባሮች አድርጎ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 188 ሜትር የተከዜ ግድብ ለሀገሪቱ መብራት፣ በሐይቁ ዳር ለሚኖሩ ወጣቶች ደግሞ ዓሣ ይሰጣል። ደለል ግን ቦታውን ይሻማል። እንግዲህ በአንድ ቀበሌ የተሠራ እርከን ለባለማሳው ብቻ የተሠራ አይደለም።

9. የዓመቱ የሥራ ቅደም ተከተል

ከጥር እስከ መጋቢት፦ የእርከን ቅየሳና ሥራ፣ የክትርና የተፋሰስ ሥራ።
ሚያዝያና ግንቦት፦ ኩሬና የደለል ጉድጓድ መጥረግ፣ የተቀደደ ፕላስቲክ መጠገን፣ ፍግ ማውጣት።
ሰኔና ሐምሌ፦ ተዳፋቱን አቋርጦ ማረስ፣ በመስመር መዝራት፣ በሽልሻሎ ጊዜ ትልም ማሰር፣ ችግኝ መትከል።
ነሐሴ፦ ከየጎርፉ በኋላ እርከንና ማሰሪያ መፈተሽ፣ ማረም።
ጳጉሜንና መስከረም፦ የሰብሉን ሁኔታ እያዩ ከኩሬው ማጠጣት።
ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፦ ሣር ማጨድ፣ የመስኖ ቦይ መጥረግ፣ ተራ ማውጣት፣ የዓመቱን ሥራ መገምገም።

ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የዝናብ መለኪያ አንድ ቢኖረውና የዕለቱን ዝናብ በመዝገብ ቢያሠፍር ለሁሉም ይጠቅማል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ መዝገብ ለቀበሌው ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ መምህር ይሆናል።

10. ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው ወደ ገበሬው ሲሄድ፣ የሚቻል ከሆነ በኽምጣና ይናገር፤ የማይችል ከሆነ አስተርጓሚ ይያዝ። ከመምከሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ጎርፉ በየት ይመጣል? ባለፈው ዓመት ሰብሉ የደረቀው በየትኛው ሳምንት ነው? ለመጠጥ ውሃ የሚሄደው ማን ነው፣ ምን ያህል ሰዓትስ ይፈጅበታል? እነዚህን ሳያውቅ የሚሰጥ ምክር ቦታውን እንደሳተ ኩሬ ባዶ ነው።

ለዋግ ገበሬ ከሰማይ የሚወርደውን ልንጨምርለት አንችልም። የወረደውን ግን በማሳው፣ በእርከኑ፣ በኩሬውና በኮረብታው እንዲያስቀር ልንረዳው እንችላለን። መጀመሪያ አፈሩ ይጠጣ፤ ከአፈሩ የተረፈውን ኩሬው ይያዝ፤ ከኩሬውም ሰብሉ በወቅቱ ይጠጣ።